ኪኒኑን የት ዋጥሽው?

ፕላቶ ዱ ሰርፓን ባሕሩን ተጠግቶ የተሠራ የጅቡቲ ከተማ የባለጸጎች ሠፈር ነው። ኤምባሲዎች፣ ሸራተን ሆቴል፣ የነጋዴና የፈረንሳይ መኮንን ቪላዎች ያሉት እዚህ ነው። ከየቪላው ጓሮ ደግሞ አንዲት የአገሬ ልጅ አትጠፋም፤ ከወሎ፣ ከሐረርጌ ወይም ከጎጃም መጥታ የሰው ቤት የምታጸዳ፣ የሰው ልጅ የምታሳድግ። እኔ እዚህ የመጣሁት ባለቤቴ ወደቡ ላይ በትራንዚት ሥራ ስለተቀጠረ ነው። ቀድሞ ድሬዳዋ ተከላካይ ጠበቃ ነበርሁ፤ ገንዘብ ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት የሚያቆምለት ጠበቃ ማለት ነው። በየቪላው የሚሠሩት ልጆች ይህን ሰምተዋል። ዓርብ ማዳሞቻቸው ዕረፍት ሲሰጧቸው ቤቴ መጥተው ቡና ይጠጣሉ፤ ጥያቄም ይዘው ይመጣሉ።

አብዛኛው ጥያቄ የደመወዝና የፓስፖርት ነው። አንዳንዴ ግን ሌሎቹ እስኪወጡ ወደኋላ የምትቀር አለች። «እትዬ፣ አንዲት ጓደኛዬ ናት» ብላ ትጀምራለች። ጓደኛዋ ማስወረጃ ኪኒን ወስዳለች፤ ደሙ አልቆም ብሏታል። «ሐኪም ቤት ብትሄድ ያስሯታል?»

መጀመሪያ የምመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ደሙ ካልቆመ አሁኑኑ ትሂድ፤ ሕጉን ከዚያ በኋላ እናወራለን። ሕጉን ማውራት ጊዜ ይፈልጋል። ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ ኬላ፣ የሚለወጠው ብሩ ወደ ፍራንክ ብቻ አይደለም። ያቺው ኪኒን በአንድ በኩል ሕክምና፣ በሌላ በኩል ወንጀል ልትሆን ትችላለች። ከዚህም የሚገርመው በአገራችን በራሱ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ ያቺው ኪኒን ሁለቱንም መሆኗ ነው።

ከጨጓራ መድኃኒት እስከ ክስ መዝገብ

ኪኒኖቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሚሶፕሮስቶል ይባላል፤ የተሠራው ለጨጓራ ቁስለት ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብራዚል ውስጥ ማስወረድ በሕግ የተከለከለባቸው ሴቶች ይህ የጨጓራ መድኃኒት ማሕፀንን እንደሚያኮማትር ተረዱ፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ሐኪሞች ያጠኑት ከሴቶቹ በኋላ ነው። ሁለተኛው ሚፌፕሪስቶን ነው፤ ጽንሱን የሚያጸናውን ሆርሞን ሥራ ያግዳል። ፈረንሳይ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1988 ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱን አጣምሮ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው። ሚሶፕሮስቶልን አዋላጆች ሌላም ቦታ ያውቁታል፤ ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈስሳትን እናት ያተርፋል።

ለሕግ ሰው ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ነው። ከኪኒኗ በፊት አንዲት ሴት ለማስወረድ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ሥር የምትሰጥ፣ ባዕድ ነገር የምታስገባ፣ በድብቅ የሚሠራ ሐኪም፣ ማንም ይሁን ማን፣ አንድ እጅ ነበረ። አሮጌዎቹ ሕጎች ሲጻፉ በዋናነት ያሰቡት ያንን እጅ ነው፤ ብዙ ሴቶችን የገደለውም እሱ ነበርና። ኪኒኗ መጣችና ያንን ሰው ከመሐል አወጣችው። አሁን ያለችው ሴቲቱ ብቻ ናት፤ አንድ ብርጭቆ ውኃና የተዘጋ በር። ሕጉ የሚይዘው ሰው ሲፈልግ የሚያገኘው እሷን ብቻ ሆነ።

የአገራችን ሕግ ምን ይላል?

በንጉሡ ዘመን በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ማስወረድን የሚፈቅደው የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ለከባድና ዘላቂ አደጋ ከተጋለጠ ብቻ ነበር፤ ያውም ሐኪም በጽሑፍ አረጋግጦ፣ ሁለተኛ ሐኪም ተስማምቶበት። ሁለት ሐኪም በወረዳ ውስጥ በማይገኝበት አገር ይህ ፈቃድ ለስሙ ያህል ነበር። የማሕፀንና የጽንስ ሐኪሞች ማኅበርና የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሕጉ እንዲሻሻል ሲወተውቱ የቆዩት ያለምክንያት አይደለም። በሆስፒታሎች ውስጥ ለእናቶች ሞት ዋነኛ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ በድብቅ የተደረገ ውርጃ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. የጸደቀውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በሩን ከፈት አደረገው። ማስወረድ አሁንም በመርሕ ደረጃ ወንጀል ነው፤ አንቀጽ 545 ይህን ይላል። አንቀጽ 551 ግን የማያስቀጣበትን ይዘረዝራል፦ ጽንሱ በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ ግንኙነት የመጣ ከሆነ፤ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ከሆነ፤ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፤ ወይም ሴቲቱ በአካል፣ በአእምሮ ጉድለት ወይም በዕድሜዋ ለጋነት ልጅ ለማሳደግ የማትችል ከሆነች። አንቀጽ 552 ደግሞ በብዙ አገር የማይገኝ ነገር ጨመረ። ተደፍራ ከሆነ የራሷ ቃል ይበቃል። የፖሊስ ወረቀት፣ የምስክር ስም አይጠየቅም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ በዕድሜም ጉዳይ እንዲሁ አደረገ፤ የልደት የምስክር ወረቀት አምጪ የሚላት የለም።

ይህን ሳስረዳ ልጆቹ ይደነቃሉ። «ታዲያ በአገራችን ተፈቅዷል ማለት ነው?» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ቆም የምለው። አንቀጽ 551 ላይ ማንም ልብ የማይላት አንዲት ቅድመ ሁኔታ አለች፦ የማቋረጡ ሥራ መፈጸም ያለበት ዕውቅና ባለው የጤና ተቋም ነው። በጤና ጣቢያው ነርሷ የሰጠቻት ኪኒን ሕክምና ነው። ያንኑ ኪኒን ከመድኃኒት ቤት ገዝታ በኪራይ ክፍሏ ብትውጠው ግን አንቀጽ 546 ውስጥ ትገባለች። ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፤ በሕጋችን ቀላል እስራት ከ10 ቀን ጀምሮ በመደበኛው እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። ኪኒኑን የገዛላት እህቷ ወይም ጓደኛዋም ተከሳሽ መሆን ትችላለች። ሕጉ «ምን ሆነሽ ነው?» ከማለቱ በፊት «የት ዋጥሽው?» ይላል።

ድሬዳዋ ሳለሁ እንዲህ ያለ መዝገብ ደርሶኛል። ተከሳሿ በአንድ ምግብ ቤት ዕቃ የምታጥብ ልጅ ነበረች። ያስረገዛት በጉልበት የተጫናት ሰው ነው፤ ይህን የነገረችኝ ግን ከታሰረች በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ለማንም አልተነፈሰችም። ኪኒኑን ለብቻዋ ወሰደች፤ ደሙ ሲበረታባት ወደ ሕክምና ሄደች፤ እዚያ ያገኛት አንድ ሠራተኛ ፖሊስ ጠራ። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ሁለት ነበር፤ በሕመም ላይ ሆና ለነርስ የተናገረችው ቃልና ከቦርሳዋ የተገኘ ባዶ የኪኒን ማሸጊያ። ከሳምንት በፊት በዚያው በር ገብታ «ተደፍሬያለሁ» ብትል ኖሮ ያንኑ ኪኒን በነጻ ሰጥተው፣ ዳግም የምትመጣበትን ቀን ጽፈው ይሸኟት ነበር። ከሳምንት በኋላ ስትገባ ግን ወንጀለኛ ሆነች። አንቀጽ 550 ለከፋ ድህነት ቅጣት እንዲቀልል ያዝዛልና በዚያ ተከራከርሁ። ፍርዱ በገደብ ሆነ። ጣቢያ የቆየችበትን ጊዜና ያጣችውን ሥራ ግን የሚመልስላት አንቀጽ አልነበረም። ደፋሪውን ማንም አልፈለገውም።

መዝገቡን ማን ይከፍተዋል?

ዐቃቤ ሕግ በየቤቱ እየዞረ ኪኒን የዋጠች ሴት አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ በዚያ ዓመት 620,300 ያህል ጽንስ ማቋረጥ እንደተፈጸመ ገምቷል፤ ከዚህ ውስጥ በጤና ተቋም የተደረገው 53 በመቶው ነው። እንደ ሕጉ ቃል ከሄድን ቀሪው፣ ከ290 ሺህ የሚበልጠው፣ ሁሉ ወንጀል ነው። ይህን ሁሉ ሰው የሚችል ችሎትም ማረሚያ ቤትም የለም፤ ክስም የሚመሠረተው በጥቂቱ ላይ ነው። ስለዚህ ሕጉ ሁሉንም ሳይሆን ከብዙዎቹ ጥቂቶችን ይመርጣል። ማንን እንደሚመርጥ ማየት ያስፈልጋል።

በሌሎች አገሮች የታዩትን ክሶች ስመለከት የክሱ በር የሚከፈተው በሦስት ቁልፍ ነው። አንደኛው የተጣላ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ፈረንሳይ ቦቢኚ ላይ በ16 ዓመቷ ተደፍራ ያስወረደች አንዲት ተማሪ ለፍርድ ቀረበች። ለፖሊስ የጠቆማት የደፈራት ልጅ ራሱ ነበር፤ በመኪና ስርቆት ተይዞ ከክሱ ለማምለጥ ሲል። ጠበቃዋ ጂዜል አሊሚ ልጅቷን ከመከላከል አልፋ ሕጉን ራሱን ለፍርድ አቀረበችው። ልጅቷ በነጻ ተሰናበተች፤ እናቷ በገደብ የ500 ፍራንክ መቀጮ ተፈረደባት። ከሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጥር 1975፣ በሚኒስትሯ በሲሞን ቬይ ስም የሚጠራው ሕግ ወጥቶ ፈረንሳይ ውስጥ ማስወረድ ተፈቀደ። ጅቡቲ ያኔ ገና በፈረንሳይ እጅ ነበረች፤ ነጻ የወጣችው በሰኔ 1977 ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ ስልክ ነው። አሜሪካ ነብራስካ ውስጥ አንዲት እናት ለ17 ዓመት ልጇ ኪኒን አግኝታ ሰጠች። ፖሊስ ሁለቱ በፌስቡክ የተጻጻፉትን በፍርድ ቤት ትእዛዝ አወጣው፤ እናቲቱ እ.ኤ.አ. በ2023 የ2 ዓመት እስራት ተፈረደባት። የእኛ ልጆች ኪኒኑን የሚጠይቁት፣ የሚደራደሩት፣ ከወሰዱም በኋላ «ደሙ በዛብኝ» ብለው የሚጨነቁት በኢሞና በቴሌግራም ነው። ጽሑፉ የተላከለት ሰው ነገ ሊጣላ እንደሚችል አያስቡም።

ሦስተኛውና የሚከፋው ቁልፍ ሐኪም ቤት ነው፤ እንደ ድሬዳዋዋ ልጅ ለመዳን የሄደችበት ቦታ ያስከስሳታል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1861 የወጣ ሕግ ሴቶችን ሲያስከስስ ኖሯል። በኮሮና ጊዜ ኪኒን በፖስታ ትታደል ነበር። አንዲት እናት ጽንሷ የተፈቀደውን 10 ሳምንት ብዙ ያለፈ ሆኖ ሳለ ደብቃ ወሰደች፤ በ2023 የ28 ወር እስራት ተፈረደባት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወደ 14 ወር ገደብ ዝቅ አደረገላት። ጉዳዩ አገሩን አነጋገረና በሰኔ 2025 የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ሴቶች ስለ ራሳቸው ጽንስ እንዳይከሰሱ በ379 ድምፅ ለ137 ወሰነ። ወደ እኛ ሲጠጋ ሩዋንዳ አለች፤ በ2019 ፕሬዚዳንት ካጋሜ በማስወረድ፣ በማገዝና ጨቅላ በመግደል ለተፈረደባቸው 367 ሰዎች ይቅርታ አድርገዋል። ይቅርታው መልካም ነው፤ ከይቅርታው በፊት ግን እነዚያ ሰዎች ታስረው ነበር።

በአገራችን ሕግ ይህ ሦስተኛው ቁልፍ የሚዞርበት ምክንያት የለም። አንቀጽ 399 ሐኪም፣ ነርስ፣ አዋላጅና የመድኃኒት ባለሙያ በሥራው ያወቀውን ምሥጢር እንዳያወጣ ይከለክላል። አንቀጽ 443 ላይ ያለው ወንጀልን የመጠቆም ግዴታ ደግሞ የሞት ወይም የዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣውን ወንጀል የሚመለከት ነው፤ ቀላል እስራት የሚያስቀጣውን ማስወረድ አይነካውም። ስለዚህ ፖሊስ የሚጠራ የጤና ሠራተኛ ግዴታውን ተወጣ አይባልም፤ ይልቁንስ የምሥጢር ግዴታውን ጥሷል። በድሬዳዋው መዝገብ ውስጥ ይህን የጠቀሰ ከእኔ በቀር አልነበረም።

የድንበሩ ወዲህኛው በኩል

ጅቡቲ ላይ ልጆቹ የሚያውቁት የአገራቸው ሕግ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የጅቡቲ የወንጀል ሕግ ማስወረድን የሚፈቅደው ለሕክምና ምክንያት ነው። «የራሷ ቃል ይበቃል» የሚለውን የእኛን አንቀጽ ተስፋ አድርጋ እዚህ የምትናገር ልጅ ራሷን ለአደጋ ታጋልጣለች። በእርግጥ ጅቡቲ የአፍሪካ ሴቶች መብት ፕሮቶኮልን፣ በተለምዶ የማፑቶ ፕሮቶኮል የሚባለውን፣ በ2005 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 14 ለተደፈረችና ጤናዋ አደጋ ላይ ላለ ሴት በሕክምና የሚደረግ ማቋረጥን እንዲፈቅዱ አገሮችን ያስገድዳል። ይህ ለጠበቃ ጥሩ መከራከሪያ ነው። በሌሊት ደም ለሚፈስሳት የቤት ሠራተኛ ግን ፕሮቶኮል አይደርስላትም።

የእሷን ሁኔታ አስቡት። ብዙዎቹ የመኖሪያ ፈቃድ የላቸውም፤ አፈሳ ሲመጣ ከግቢ አይወጡም። ማዳሟ ካወቀች ሥራውም መኝታውም በአንድ ቀን ይሄዳል። በሐኪም ቤቱ የሚነገረው ፈረንሳይኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛና ዐረብኛ ነው፤ እሷ ያላት አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ነው። አስተርጓሚ የምትሆናት ብዙ ጊዜ ያቺው ማዳም ናት። ያስረገዛት ሰው ከዚያው ቤት ከሆነ ደግሞ ምን ብላ ትናገር? ከክሱ በፊት ያሉት እነዚህ ፍርሃቶች ናቸው ከሐኪም የሚያርቋት። የጋቦድ እስር ቤት ከሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ግን ወሬው ይቀድመዋል።

ስለዚህ ዓርብ ዓርብ የምናገረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሦስት ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ የማይወርድ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ በአንድ ጎን የሚወጋ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ እነዚህ ካሉ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት። በአንድ ጎን የሚወጋው ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ እንደሆነ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ያንን ኪኒኑ አያክመውም፤ ካልታከመ ይገድላል። ሁለተኛ፦ በራሱ የወረደና በኪኒን የወረደ ጽንስ ሕክምናው አንድ ነው። ሐኪሙ ሊያክምሽ የሚያስፈልገው መቼ ደም እንደጀመረሽ፣ ስንት ወርሽ እንደነበረ፣ ምን ሕመምና አለርጂ እንዳለብሽ ነው። ሦስተኛ፦ ያላነበብሽው ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ከማዳምሽ ሌላ የሚያስተረጉምልሽ ሰው ጠይቂ፤ ከታሰርሽም ለኤምባሲው እንዲነገርልሽ መጠየቅ መብትሽ ነው፤ በቪየና የቆንስላ ስምምነት የተጻፈ ነው።

ኃጢአት ነው ለሚሉኝ

ይህን ስናገር የሚከፋቸው አሉ። አንዲት በዕድሜ የምትበልጠኝ ሴት «አንቺ ጾመኛ ሰው፣ እንዴት ለዚህ ትቆሚያለሽ?» ብላኛለች። ኃጢአት መሆኑን አልተከራከርኋትም፤ እኔም የተማርሁት ያንኑ ነው። ግን የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ የተናዘዘች ሴት ነገ ፖሊስ በሯን አያንኳኳም። ቄሱ ቀኖና ይሰጣታል፤ ምሥጢሯን ግን ይዞላት ይሞታል። ያ ምሥጢር ባይጠበቅ ኖሮ ማንም አይናዘዝም፤ የሚናዘዝ ከሌለ ደግሞ የሚመለስም የለም። ሐኪም ቤትም እንደዚያው ነው፤ የሰማውን የሚያወጣ ከሆነ የሚመጣለት አይኖርም፤ የማትመጣዋ ደግሞ ቤቷ ትሞታለች። ማስወረድን እንጠላለን የሚሉ ሰዎች ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ክሱ ያስቀረው ውርጃ አለ ወይ ብለው ነው። እኔ ያየሁት ያስቀረው ሕክምናን ነው።

የተከሳሾችን ዝርዝር መለስ ብለን እንየው። ገንዘብ ያላት፣ ንጹሕ መኝታ ያላት፣ የምታምነው ሐኪም ያላት ሴት ኪኒኗን ወስዳ በሦስተኛው ቀን ሥራ ትገባለች፤ ስሟ የትም መዝገብ ላይ አይወጣም። መዝገብ ላይ የምትወጣው ዘግይታ ያወቀች፣ ምን ያህል እንደምትወስድ የሚነግራት ያጣች፣ የተበላሸ መድኃኒት የተሸጠላት፣ ደሙ በዝቶባት ለመዳን ስትል ወደ ሐኪም የሮጠች ናት። ሁለቱም የፈጸሙት ድርጊት አንድ ነው። ልዩነታቸው ሁለተኛዋ መታመሟና እርዳታ መጠየቋ ብቻ ነው። እንግዲህ በተግባር ሕጉ የሚቀጣው ማስወረዱን ሳይሆን ወደ ሕክምና መሄዱን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ማስወረድ ከወንጀል ሕግ እንዲወጣ መክሯል። ያንን ሁሉ የሚቀበል ፓርላማ በአዲስ አበባም በጅቡቲም ዛሬ ይኖራል ብዬ አልጠብቅም። ከዚያ የሚያንስ ግን ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። አንቀጽ 546 ሴቲቱን ራሷን የሚቀጣበትን ንዑስ አንቀጽ መሰረዝ፤ ያለ ፈቃዷ የሚያስወርዳትን፣ አታልሎ የተበላሸ መድኃኒት የሚሸጥላትን በሚቀጣው አንቀጽ ላይ መጽናት። ሕጉ እስኪለወጥ ድረስም ቢሆን እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ አንቀጽ 399ን በግድግዳው ላይ ቢለጥፈው አዋጅ አያስፈልገውም፤ ወረቀትና ሙጫ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ «ያስሯታል?» ሲሉኝ፣ ቢያንስ ስለ አገራችን፣ አጭር መልስ ይኖረኛል።